ሳልሰማ የጻፍሁት ደብዳቤ

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ዛሬ ሰባ ስምንት ዓመት ከሦስት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነኝ። ቀን መቁጠር የጀመርሁት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ነው። ሌላ የሚቆጠር ስላጣሁ ይሆን?

ተራ ቀን። ጠዋት የድሮ ተማሪዬ የላከውን የልብ ወለድ ረቂቅ ሁለት ገጽ አረምሁ። ቅጽል ይወዳል። በእያንዳንዱ ስም ጀርባ ላይ ሦስት ሦስት ይጭናል፤ ስሙ እስኪንገዳገድ። አራገፍሁለት።

ከሰዓት በኋላ ልጄ መጣች። እንደ ልማዷ ሳታንኳኳ፣ በራሷ ቁልፍ። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ከሆነች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ደክሟት ሳያት ግን ሁልጊዜ አዲስ ይሆንብኛል። ሻይ አፈላሁላት። ጫማዋን አውልቃ እግሯን በርጩማው ላይ ሰቀለች።

«አባዬ፣ ቅዳሜ ያንን የስፖርት ጣቢያህን እንዳትዘጋው።»

«ምን አለ?»

«አለ። አንተ ብቻ እንዳትዘጋ። መቼም ሲጮኽ ነው የሚውለው... ኳስ እየጠላህ ለምን እንደምትከፍተው ባይገባኝም።»

ሻይ ጨመርሁላት። ምን ብዬ ላስረዳት? ሠላሳ ስድስት ዓመት እናቷ በዚያ ሬዲዮ ጨዋታ ስታዳምጥ እኔ በዚህ ጠረጴዛ ላይ የሰው መጽሐፍ አርም ነበር። «ግባ! ግባ!» ስትል ብዕሬ ይዘላል። ስንት ገጽ አበላሸችብኝ! «ኧረ አንቺ ሴት፣ ቀስ በይ» እላት ነበር። ቀስ ካለች አራት ዓመት ሆነ። አሁን ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሬዲዮውን እኔ እከፍታለሁ። ወንበሯ ላይ ማንም አይቀመጥም። ጨዋታውንም ሳላስበው ለመድሁት፤ ከጨዋታ ውጪ ማለት ምን እንደሆነ እንኳ ገብቶኛል። ብታውቅ ትስቅብኝ ነበር።


የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ብዕሬ ወረቀቱን ይቦጫጭራል። ከእርጅና አይደለም፣ ከንዴት ነው።

ጨዋታው በተጀመረ በአሥረኛው ደቂቃ ጎርናናው አቋረጠ። (የጣቢያውን ዋና ጋዜጠኛ እኔና ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊ እንዲህ ነው የምንጠራው፤ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።) «እዚህ ላይ ለአፍታ ቆም ብለን ለጋሾቻችንን እናመስግን» አለ። የአንድ ጋራዥ ሠራተኞች... ሁለት እኅትማማቾች... ተመለሱ። በሃያኛው ደቂቃ ደግሞ! ለአንድ ሕክምና ቤት መሣሪያ መግዣ እርዳታ እየተሰበሰበ ስለሆነ፣ የታሰበው እስኪሞላ ድረስ ጨዋታው በየሳምንቱ በየአሥር ደቂቃው ይቆረጣል ተባለ። ይቆረጣል! እንደ ጣቃ ጨርቅ!

ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ አጥቂው ኳሷን ይዞ በቀኝ በኩል ሰነጠቀ... አሻገረ... «እዚህ ላይ ለአፍታ ቆም ብለን...» ሲመለሱ ጎል ገብቷል። ማንም ያልሰማው ጎል። እሷ «ግባ!» የምትልበት ጎል።

«አሁን ደግሞ ከሕክምና ቤቱ አንዲት እንግዳ...» ሲል ዘጋሁት።

ከዚያ ወረቀት ሳብሁ። ጣቢያው አንድ የቆየ ደንብ አለው፤ በስልክ የመጣ አስተያየት ያጥራል፣ በፖስታ የመጣ ደብዳቤ ግን ከራስጌ እስከ ግርጌ ሳይነካ ይነበባል። ሟቿ ባለቤቴ ይህን ደንብ በጣም ትወደው ነበር። «ያንተ ዘር አልጠፋም» ትለኝ ነበር።

እንዲህ ጻፍሁ፦ «ምጽዋት በር አንኳኩቶ ይገባል እንጂ በመስኮት ዘሎ አይገባም። የቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት የእኔና የአንዲት ሟች ሰዓት ናት። እሷ ኳስ ትሰማ ነበር፤ እኔ እሷን እሰማ ነበር። ይህች ሰዓት ስትቆራረስ በሰማሁ ጊዜ ሬዲዮዬን ዘግቻለሁ፤ እንግዳችሁንም አልሰማሁም፣ መስማትም አልሻም።» ግርጌው ላይ፦ «ስሜ አይነገር።»

አንድ ስርዝ ድልዝ የለበትም። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከጻፍሁ ስንት ዘመኔ! ፀሐይ ሳትጠልቅ አሽጌ ማዕዘኑ ላይ ካለው የፖስታ ሳጥን ከተትሁት። ቀለለኝ።


የካቲት 9፣ እሑድ

ከበደኝ።

ጠዋት ቁልፏ ተንቋቋ። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «ሰማኸኝ?» አለች።

ምኑን? ልላት ነበር። ፊቷን አየሁ። እንደ ልጅነቷ፣ ከትምህርት ቤት ውጤት ይዛ እንደምትመጣበት ቀን... ያን ጊዜ ገባኝ። «አንዲት እንግዳ።» ልጄ ነበረች። መሣሪያው ለእሷ ክፍል ነው።

«ሰማሁሽ» አልሁ።

«እውነት? ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር አይደል? እንዴት ነበር?»

«ልብ የሚነካ ነበር።»

ልብ የሚነካ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን «መጽሐፍ ሳያነብ የሚተች ሰው መሸሸጊያው ይህች ቃል ናት» እያልሁ ስገሥጽ ኖሬ፣ በሰባ ስምንት ዓመቴ እኔው ሄጄ ተሸሸግሁባት። ግንባሬን ሳመችኝ። ባትስመኝ በተሻለ።

ከሄደች በኋላ ደብዳቤው ትዝ አለኝ። ሙሉውን ያነቡታል። «እንግዳችሁንም አልሰማሁም» የሚለውንም። ስሜ ባይነገር ምን ይጠቅማል? ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ጽሑፌን በታይፕ የምትመታው እሷ ነበረች፤ ነጠላ ሰረዜን እንኳ ከሩቅ ታውቃለች። አባቷ እንዳልሰማት፣ ከዚያም ዓይኗን እያየ እንደዋሻት፣ ከሕዝብ ጋር እኩል ልትሰማ ነው። ደግሞ ሌላም አለ። የእኔን ቃል ሰምቶ እጁን ከኪሱ የሚመልስ አድማጭ ቢኖርስ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል... እኔ ግን መልቀሚያውም የለኝ።


የካቲት 10፣ ሰኞ

ፖስታ ቤቱ ሳይከፈት ደረስሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት የልጄ እኩያ ትሆናለች።

«እመቤት፣ ቅዳሜ ሳጥን ውስጥ የከተትሁትን ደብዳቤ መልሽልኝ።»

«አባቴ፣ ሳጥን ውስጥ የገባ የተቀባዩ ነው። ደግሞም ዛሬ በማለዳ ተጭኗል።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የፍቅር ነው?»

«የቁጣ ነው።»

«እሱማ ፈጥኖ ነው የሚደርሰው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ቀድሞ ይህን ተረት የምጠቅሰው በሌላ ሰው ላይ ነበር።

ስመለስ ልብስ ሰፊው አፉ ውስጥ ስፒል እንደያዘ ከሱቁ ብቅ አለ። «ጋሼ! ልጅዎን ሰማናት እኮ! እንዴት ያለች አንደበተ ርቱዕ ነች! የሰው ሱሪ አሳጠርሁ ባክዎ፣ እሷን ስሰማ።»

«እስቲ አንተ እንዴት እንደሰማኸው ንገረኝ» አልሁት፣ እንደ መምህር። አፈርሁ። ግን ነገረኝ። በክፍሉ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ከሚተኙባቸው ማሞቂያዎች የሚሠሩት ሁለት ናቸው። አንዱን ሁለት ሕፃናት ይጋሩታል። ከሁለቱ አንደኛው ኪሎ እንኳ በወጉ የማይሞላ ነው፤ ሲተኛ ሁለት እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ስለሆነ ነርሶቹ «በረኛው» ይሉታል። እጁን በዘረጋ ቁጥር ጎረቤቱን ይመታል፣ ጎረቤቱ ያለቅሳል፣ እሱም ያለቅሳል።

«'ለበረኛችን የራሱን ጎል ስጡት' አለች፣ ጋሼ። ልመናዋ ይኸው ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ መቀሱን እንደያዝሁ...» ስፒሉን ከአፉ አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ።

ይህን ነው የዘጋሁት።


የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ጠዋት ሙሉ ለጣቢያው ደወልሁ። መስመሩ ተይዟል። ለጋሽ ይሆን ተራጋሚ? አውቶቡስ ይዤ ሄድሁ።

በሩ ላይ ጠባቂው፣ «ደብዳቤ ሊሰጡ ነው?» አለኝ።

«ልወስድ።»

«ልወስድ?» ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ሰባት ዓመት እዚህ ቆሜ ደብዳቤ ልውሰድ ያለ ሰው አላጋጠመኝም።» ሳቀና በውስጥ ስልክ ጎርናናውን ጠራልኝ። በስልክም ያው ጉድጓድ ነው።

«አባት፣ እስካሁን አልደረሰም። ቢደርስም ይነበባል። ሰው ወረቀት ላይ ከጻፈልን አንድ ቃል አንጥልበትም።»

«ክፉ ደብዳቤ ቢሆንስ?»

«ክፉውንማ በተለይ! ጥሩ ጥሩውን ብቻ ካነበብንማ ማን ያምነናል?»

ስልኩን ለጠባቂው መለስሁለት። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ እል ነበር። በአውቶቡሱ መስኮት ግንባሬን አስደግፌ ተመለስሁ።


የካቲት 12፣ ረቡዕ

አልተነበበም።

የአድማጮችን ሰዓት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁ። አምስት ማሞቂያ ነው የሚፈለገው። የሦስቱ ገንዘብ ሞልቷል፤ ከእሑድ ወዲህ ግን ቆሟል። አድማጩ ተቆጥቷል። «ጎላችንን መልሱልን!» «የስፖርት ጣቢያ ነው የልመና?» አንዱማ «ሬዲዮዬን ልሽጥና ዋጋውን ለእናንተ ልስጥ፤ ያኔ ሁለታችንም እናርፋለን» አለ። ሁሉም በእኔ አፍ ይናገራሉ። ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ አያምርም።

ማታ ልጄ ደወለች። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ...» አልሁ።

«ምን?»

«...እራት በላሽ?»

ፈሪ።


የካቲት 13፣ ሐሙስ

ዛሬ ተነበበ።

ቤት መቀመጥ አልቻልሁም። ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ወረድሁና የደንበኞች ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ሬዲዮው ከብረት ምጣዱ... ምን እያልሁ ነው? ከካውያው አጠገብ ነበር። ብዕሬ ዛሬ ልክ አይደለም። ጎርናናው ጉሮሮውን ጠረገ። «ስሙ እንዳይነገር የፈለገ አባት በፖስታ የላከልን ነው። እንደ ደንባችን...» የወረቀቱ መተጣጠፍ ተሰማኝ። የእኔ ወረቀት።

ሲያነበው ሌላ ነገር ሆነ። እኔ ስጽፈው ጅራፍ ነበር። በዚያ ድምፅ፣ በዝግታ፣ «እሷ ኳስ ትሰማ ነበር፤ እኔ እሷን እሰማ ነበር» ሲል ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቆመ። «ሰውየው ሚስቱን ቀብሮ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ጋሼ፣ አነጋገሩ እርስዎን እርስዎን አይልም?»

«አፍህን ያዝና ስማ» አልሁት።

ተነብቦ አለቀ። ስልክ ተከፈተ። ወንበሬን ወደ ሬዲዮው ሳብሁ።

መጀመሪያ አንዲት ሴት፦ «ሕፃን ሞቶ ኳስ ይሰማ ነው የሚለው? አይ ሽማግሌ!» እሰይ፣ ይገባኛል አልሁ በልቤ። ቀጥሎ አንድ የታክሲ ሹፌር፦ «ሰውየው ትክክል ነው፤ ጎሉን እኮ አስበላችሁን!» ከዚያ አንድ ዕድሜው የገፋ ሰው ገባ። በወጣትነቱ ዳኛ እንደነበረ ተናገረ።

«እኔ ሁለቱንም አልቃወምም። ክርክሩ ምንድን ነው? የቀሩት ሁለት ማሞቂያዎች እኮ ናቸው። እስከ ቅዳሜ እንሙላቸውና ጨዋታው ሳይቆረጥ ይተላለፍ። ሕፃኑም ጎሉን ያግኝ፣ ሟቿም ጨዋታዋን ትስማ። ፊሽካዬን ነፍቻለሁ።»

ጎርናናው «ዳኛው ነፍተዋል!» አለ። ከዚያ ስልኩ እንደ ጉድ ይጮኽ ጀመር። ጎል የገባበት ቡድን ደጋፊዎች «አንዱን እኛ» አሉ። ጎሉን ያገባው ቡድን ደጋፊዎች «ጎል ያገባነው እኛ፣ ቀድመን የምንሞላውም እኛ» አሉ። ተሰዳደቡ፤ እየተሰዳደቡ ሰጡ። ያ ሬዲዮዬን ልሽጥ ያለው ሰው እንኳ ደወለ፦ «አልሸጥሁትም፤ ቅዳሜ ያስፈልገኛል። ከኪሴ እሰጣለሁ።»

ልብስ ሰፊው የገንዘብ መሳቢያውን ከፈተ። «ጋሼ፣ እርስዎስ?»

«እኔማ... ከሁሉም በፊት ነበር የሚገባኝ» አልሁ። አልገባውም። ያለኝን ሰጥቼው ከእሱ ጋር አንድ ላይ እንዲልክ አደራ አልሁት።

ግማሽ ልቤ ዐረፈ። ግማሹ ልጄን ይጠብቃል። ሰምታ ይሆን?


የካቲት 14፣ ዓርብ

አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ።

ማንም አያንኳኳም እዚህ ቤት። ልብስ ሰፊው ከምድር ቤት ይጣራል፣ ልጄ ቁልፍ አላት። ከፈትሁ። እሷ ናት፤ ቁልፏ በእጇ ነው።

«ምጽዋት በር አንኳኩቶ ነው የሚገባው አሉ» አለች።

በሩን ይዤ ቆምሁ። «መቼ ዐወቅሽ?»

«'ምጽዋት' ከሚለው ቃል። ከአንተ በቀር ጸሎቱን 'ጸ' ጠብቆ የሚጽፍ ማን አለ ልልህ ፈለግሁ፣ ግን በሬዲዮ አይታይም። ዓረፍተ ነገሩ ነው። ሁልጊዜ 'እንጂ' ላይ ታርፋለህ።»

«ግቢ» አልኋት። አልገባችም።

«አባዬ፣ ስላልሰማኸኝ አይደለም የተቀየምሁህ። ሰውም ይዘጋል፣ ይደክመዋል። ሰማሁሽ ስላልኸኝ ነው።»

ለሁሉም ነገር ቃል የነበረኝ ሰው... «ዋሸሁሽ» አልሁ። «ፊትሽ በርቶ ነበር። ላጠፋው አልቻልሁም። ይቅር በይኝ።» አምሳ ዓመት ከጻፍሁት ሁሉ አጭሩ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ያኔ ገባች። እናቷ ወንበር አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ወንበሩ ላይ እንደማንቀመጥ ያለ ማንም ነጋሪ የምታውቅ ይመስል። «ኳስ የምትጠላ ይመስለኝ ነበር» አለች። «ለቤቱ ድምፅ እንዲሆን ነው የሚከፍተው እል ነበር። እሷን እየሰማህ ነበር?»

«እሷን።»

«እኔም'ኮ ትናፍቀኛለች። ለምን ለብቻህ?»

አለቀስን፤ እሷ በግልጽ፣ እኔ መነጽሬን እያጸዳሁ።

ሊጨልም ሲል ሻይ ስቀዳላት እንደ ዋዛ ነገረችኝ። ሦስቱ ማሞቂያዎች ዛሬ ጠዋት ገብተዋል። በረኛው ለብቻው ተኛ። እጁን ዘረጋ፣ ማንንም አልመታም፣ ማንም አላለቀሰም። «ነርሶቹ ሁሉ መስታወቱን ከበን አጨበጨብን። ዋና ሐኪሙ መጥቶ ተቆጣን።» የቀሩት የሁለቱም ገንዘብ ዛሬ ከቀትር በፊት ሞላ።

እፎይ። ይህን ቃል ስጽፈው እንኳ ትከሻዬ ወረደ።


የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ዘጠኝ ሰዓት። ልጄ መሬት ላይ፣ እኔ ጠረጴዛዬ ዘንድ፣ ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቆሞ (አልቀመጥም፣ ሥራ አለኝ እያለ ዘጠና ደቂቃ ቆመ)። ጎርናናው ሲጀምር፣ «ዛሬ አንቆርጥም። አንዲት የቆየች አድማጫችን አለች» አለ። ወዲያው ወደ ሜዳው አለፈ። ደግ ሰው ነው።

በሰባኛው ደቂቃ አጥቂው ብቻውን ከበረኛው ጋር ተገናኘ። ልጄ በጉልበቷ ተነሣች፦ «ግባ! ግባ!»

ብዕሬ ዘለለ። የተማሪዬ ረቂቅ ላይ ረጅም መስመር። ያው ድምፅ ነው... ያው።

አልገባም። ባዶ ለባዶ አለቀ። «ለዚህ ነው እንዴ አገር ሁሉ ያዋጣው!» አለ ልብስ ሰፊው። ሟቿ ብትኖር የተከላካዮቹን ዘር ማንዘር ታነሣ ነበር። ከዚህ የተሻለ ጨዋታ ግን ሰምቼ አላውቅም።


የካቲት 17፣ ሰኞ

ዛሬ ሁለተኛውን ደብዳቤ ጻፍሁ። ሦስት ገጽ ነበር፤ አራገፍሁት፤ አንድ አንቀጽ ቀረ። «የመጀመሪያውን የጻፍሁት ሳልሰማ ነው። ሳይሰማ የሚፈርድ ሰው ሳያነብ ከሚተች ይብሳል። ይህንን የምጽፈው ሰምቼ፣ ከልጄ ጋር ተቀምጬ፣ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ነው። ለመስኮታችሁም አመሰግናለሁ፤ አንዳንድ በር በመስኮት ካልተዘለለ አይከፈትም።» ግርጌው ላይ፦ «ስሜ ይነገር።» ጻፍሁት፣ ሙሉውን ከነአባቴ።

ልጄ ከሥራ ስትመለስ አነበበችው። አንድ ነጠላ ሰረዝ አወጣች። ትክክል ናት።

ፖስታ ቤት ያለችዋ ሴት ዐወቀችኝ። «አባቴ፣ ይኸኛውንስ ነገ መልሽልኝ ብለው ይመጣሉ?»

«አልመጣም።»

«ታዲያ የፍቅር ነዋ!»

ፖስታውን እዚያው መስኮቱ ላይ፣ ዓይኗ እያየ፣ አሸግሁት። ላክሁት።